ማሳሰቢያ፦ በገረሴና በዙሪያዋ ቲሸርት ለምታትሙ፣ ለምታሳትሙም

ለበዓል የሚታተም ቲሸርት በአብዛኛው የሚገዛው በመዋጮ ነው። የሰፈር ወጣቶች፣ የትምህርት ቤት ክበብ፣ የእግር ኳስ ቡድን፣ ከአዲስ አበባና ከአርባ ምንጭ ለዮ ማስቃላ፣ ለጋሞ የመስቀል በዓል፣ አገር ቤት የሚገቡ ልጆች ከየኪሳቸው አዋጥተው ያሠሩታል። ጽሑፉ ብዥ ብሎ፣ ቀዩ ከቢጫው ተንሸራቶ ነጭ ስንጥቅ ቢያሳይ የተበላሸው የሁሉም ገንዘብ ነው። የተበላሸ ልብስ ደግሞ አይጣልም። በሥራ ልብስነት፣ በታናሽ ወንድም ጀርባ ላይ፣ ለዓመታት ይዞራል። ስለዚህ ይህን ማሳሰቢያ በስክሪን ለምታትሙ፣ በተለይ በጠረጴዛ ማጠፊያ ወይም ባለ አራት ክንድ የእጅ ማተሚያ ለምትሠሩ ወጣቶች፣ ሥራ ለምትሰጡ ኮሚቴዎችም ጽፈናል።

ችግሩን ሳትለዩ መፍትሔ አትሞክሩ። ኅትመት ብዥ ሲል ብዙ ሰው የሚያደርገው ቀለም የሚጎተትበትን ላስቲክ አብልጦ መጫን፣ ቀለም መጨመር፣ በአንድ ልብስ ላይ ሦስት አራት ጊዜ መጎተት ነው። ሦስቱም ያባብሱታል። ከዚያ ይልቅ ሥራውን አቁሙና የተበላሹትን አምስት ልብሶች በታተሙበት ቅደም ተከተል ዘርግታችሁ እዩ። ስሕተቱ በአምስቱም ላይ በአንድ አቅጣጫና በአንድ መጠን ከሆነ፣ ጥፋቱ የተሠራው ማተም ሳይጀመር ነው፤ ፊልሙ ላይ፣ ስክሪኑ በብርሃን ሲቃጠል ወይም ፍሬሙ ክንዱ ላይ ሲታሰር ተፈጥሯል። በአንዱ ወደ ግራ፣ በሌላው ወደ ቀኝ ሄዶ በሦስተኛው ልክ ከገጠመ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ፤ ክንዱ፣ ፍሬሙ ወይም ልብሱ። ከመጀመሪያው ልብስ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየባሰ ከመጣ ደግሞ ሙቀትን፣ ስክሪኑ ውስጥ የሚደርቅ ቀለምን፣ እየላላ የሚሄድ ስክሪንን ጠርጥሩ።

ብዥታውም አንድ ዓይነት አይደለም። የፊደሉ ጠርዝ በሁሉም በኩል አብጦ ከሆነ ቀለም ከልክ በላይ ወርዷል፤ ወይም ስክሪኑ ከልብሱ ቶሎ አልተላቀቀም። ፊደሉ አጠገቡ ሁለተኛ ቀጭን ጥላ ካለው፣ ስክሪኑ ልብሱን ሁለት ጊዜ ነክቶታል፤ በሁለቱ መካከልም አንዱ ተንሸራትቷል። ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ መስሎ ከተቆራረጠ ምክንያቱ ኢሙልሽኑ፣ ስክሪኑ ላይ ተቀብቶ በብርሃን የሚጠነክረው ልባስ፣ ነው። እነዚህን ሦስቱን በዓይን መለየት የቻለ አታሚ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ክፍተቱንም፣ ቀለሙንም፣ ላስቲኩንም አብራችሁ ብትለውጡና ቢስተካከል ምኑ እንዳስተካከለው አታውቁም፤ በሚቀጥለው ሥራም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ለሙከራ በደንበኛው ልብስ አትጠቀሙ። አሮጌ ካናቴራና ቁራጭ ጨርቅ ሰብስባችሁ በየማተሚያው ሥር አስቀምጡ።

ፊልሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ክንዱን አናውጡ። ፍሬሙን ዝቅ አድርጋችሁ በማተም ቦታው ላይ አሳርፉትና ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ግፉ። የሚላወስ ከሆነ ሌላ ምንም ማስተካከል አይጠቅምም። የክንዱን ብሎን፣ የኩሽኔታውን መበላት፣ ክንዱ ሲወርድ የሚገባበትን መያዣ እዩ። በማጠፊያ ጠረጴዛ ላይ የምትሠሩ ማጠፊያውን ራሱን ፈትሹ፤ የበር ማጠፊያ ለማተሚያ የሚሆነው ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ የማይላወስ ከሆነ ብቻ ነው። ከሥራ በፊት ብሎኖቹን በቁልፍ ማጥበቅ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ጠረጴዛው የቆመበት ወለል አፈር ከሆነ እግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጋችሁ አረጋጉት።

የእንጨት ፍሬምም ይጠማዘዛል። ስክሪን በታጠበ ቁጥር እንጨቱ ውሃ ይጠጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ፍሬሙን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝታችሁ አራቱን ማዕዘን ተራ በተራ ጫኑ። አንዱ ማዕዘን ከተነሣ ያ ፍሬም ባለ አንድ ቀለም ሥራ ይሠራበት፤ ባለ ብዙ ቀለም ሥራ ላይ አይግባ። አዲስ የምታሠሩ በደንብ የደረቀ እንጨት ምረጡ፤ መጋጠሚያውን በሙጫም በሚስማርም አሥሩ፤ ሁለንተናውን ቫርኒሽ ቀቡት። አቅም ላለው የአሉሚኒየም ፍሬም ገንዘቡን ይመልሳል።

የላላ ስክሪን በባለ ሁለት ቀለም ሥራ ላይ አታስገቡ። በስክሪን የማተም ዘዴ ሳሙኤል ሳይመን የተባለ የማንችስተር ሰው በ1907 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ብዙ ተለውጧል። ሐር የነበረው ጨርቅ ዛሬ ፖሊስተር ነው። ጨርቅነቱ ግን አልቀረም፤ ድር አለው፣ ማግ አለው። ጋሞ የሽመና አገር ነው። ከዶርዜ፣ ከጨንቻና ከደጋው ሁሉ የወጡ ሸማኔዎች በአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ሳይቀር ይሠራሉ። ድሩ በአንድ በኩል የላላ ሸማ ጥለቱ ቀጥ እንደማይልለት ማንኛውም የሸማኔ ልጅ ያውቀዋል፤ በስክሪንም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ላስቲኩ ሲጎተት የላላውን ጨርቅ እየገፋ ይሄዳል፤ ምስሉ ወደ ተጎተተበት አቅጣጫ ይለጠጣል። ሁለት ስክሪኖች ውጥረታቸው ከተለያየ፣ ላይኛው ምልክት ገጥሞ ታችኛው ይስታል፤ ታችኛውን ብታስተካክሉ ላይኛው ይስታል። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ቀኑን ሙሉ ብሎን በማዞር ማስተካከል አይቻልም።

የውጥረት መለኪያ ያለው ሰው ለእጅ ማተሚያ በሴንቲ ሜትር 20 ኒውተን ወይም ከዚያ በላይ ይፈልግ። መለኪያ የሌላችሁ የአንድ ሥራ ስክሪኖችን ጎን ለጎን አስቀምጡና መካከላቸውን በጣት እየጫናችሁ አወዳድሩ። እኩል መመለስ አለባቸው። የአንድ ሥራ ስክሪኖች የክር ቁጥራቸውም አንድ ይሁን። የላላው ጨርቅ ይቀየር ወይም እንደገና ይወጠር።

በልብሱና በስክሪኑ መካከል ክፍተት ተዉ። ይህች ትንሽ የምትመስል ነገር ስትጓደል ከሁሉ በላይ ብዥታ ታመጣለች። ስክሪኑ በልብሱ ላይ ተኝቶ ከሆነ፣ ላስቲኩ ካለፈ በኋላም ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ ሲነሣ ቀለሙን ይጎትተዋል፤ ጠርዙ ይበላሻል። ለተራ ቲሸርት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ለወፍራም ሹራብ ትንሽ ይጨመራል። በፍሬሙ ጫፍ ሥር ካርቶን ደርባችሁ በማስመሪያ ለኩት። ልብሱ በማተሚያው ጣውላ ላይ ሆኖ መለካቱን አትርሱ። በትክክል ሲሠራ ስክሪኑ ከላስቲኩ በስተኋላ እግር በእግር እየተላቀቀ ሲነሣ ይታያል። ይህን ካላያችሁ ክፍተቱ አንሷል ወይም ስክሪኑ ላልቷል። ክፍተቱ እጅግ ከበዛ ደግሞ ጨርቁ ልብሱ ላይ ለመድረስ ስለሚለጠጥ ምስሉ ያድጋል፤ ቀለማቱ አይገጣጠሙም።

ላስቲኩን አትኮንኑት፤ ሳሉት። ጠርዙ የደነዘዘና የተሸረፈ ላስቲክ ቀለሙን አይቆርጥም፤ ያሻል። ለቲሸርት 70 የሚባለው ጥንካሬ ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል። 60 ለስላሳ ነው፤ ብዙ ቀለም ያወርዳል። ቀጭን ጽሑፍ ከሆነ 80 ይመረጣል። የደነዘዘውን ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ሳሉት። ስትጎትቱ ላስቲኩ ወደ 75 ዲግሪ ያህል ይቁም። ወደ 45 ከተኛ ቀለም ይበዛል፤ የፊደሉ ውስጥ ይሞላል። አንድ ጊዜ በእኩል ግፊት ጎትቱ። አንድ ጉትቻ ካልሸፈነ ምክንያቱን ፈልጉ እንጂ ስክሪኑን አንሥታችሁ ደግማችሁ አትመልሱት። ልብሱ በሙጫ ካልተያዘ በሁለተኛው ንክኪ ጥላ ይወጣል።

ስለ ሙጫ ካነሣን፣ ጣውላው ላይ ቀጭን ሙጫ ሳይቀቡ ባለ ሁለት ቀለም ሥራ መጀመር ገንዘብ ማቃጠል ነው። በውሃ የሚሟሟው የተሻለ ነው። የሚረጨውን የምትጠቀሙ መስኮት ክፈቱ፤ በስክሪኑ አቅጣጫ አትርጩ። ሙጫው የልብስ ብናኝ ሲበዛበት አይይዝም፤ ጠርጋችሁ እንደገና ቀቡ።

ፊደል የሚያጠፋ ብዥታን እንደ ትንሽ ጉድለት አትዩት። የላቲን ፊደል ሲያብጥ ያስጠላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ትርጉሙን የሚይዘው በትንሿ ቅጥያ ነው። የ«ቡ» ቅጥያ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ነው፤ የ«ቢ» ደግሞ በእግሩ ሥር። ቀለሙ አንድ ሚሊ ሜትር ቢፈስ «ግቡ» ከ«ግቢ» አይለይም። በትምህርት ቤት ልብስ፣ በጤና መልእክት፣ በመንገድ ደኅንነት ሰደርያ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ፊደሉን ስትመርጡ ቅጥያው ረዘም ያለ፣ በ«ወ» እና በ«ጠ» ውስጥ ያለው ባዶ ሰፋ ያለ ይሁን። ተለቅ ላለ ጽሑፍና ለድፍን ቀለም በሴንቲ ሜትር 43 ክር ያለው ስክሪን (ነጋዴው በኢንች 110 የሚለው) ይበቃል። ለደቃቅ ጽሑፍ 61 ወይም 77 ውሰዱ። በፊደሉ ውስጥ ያለው ባዶ ከ1 ሚሊ ሜትር ከጠበበ በ43 ስክሪን አትሞክሩት፤ ጽሑፉን አሳድጉት። ደንበኛው ሁሉንም ስም፣ ሁሉንም መፈክር፣ ሁሉንም ስልክ በአንድ ደረት ላይ ካልሰፈረ ቢል እንቢ በሉት። በጎ አታሚ እንቢ ማለትንም ያውቃል።

የዱንጉዛ ሥራ ስትቀበሉ አቀራረቡን ቀድማችሁ አስቡ። በጋሞ የሚታተም የበዓል ቲሸርት ያለ ዱንጉዛ፣ ያለ ጋሞ ሽመና ቀለማም መስመር፣ አይሆንም፤ ክርኑ ላይ፣ አንገቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ይፈለጋል። ሦስት ቀለም በቀጥተኛ መስመር እርስ በርስ ተነካክቶ ማለት ነው። ለአታሚ ከዚህ የሚከብድ ጥቂት ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት ከሩቅ ያስታውቃል። ሆኖም የሚከብደው ቀለማቱ ልክ ጫፍ ለጫፍ እንዲገጥሙ ተደርገው ሲሣሉ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ቢጫውን ከቀዩ ሥር ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር አስገቡት፤ ቀዩንም ከጥቁሩ ሥር እንዲሁ። መጀመሪያ ቢጫው፣ ቀጥሎ ቀዩ፣ በመጨረሻ ጥቁሩ ይታተም። ቀዩ የቢጫውን፣ ጥቁሩ የቀዩን ጠርዝ ይሸፍናል፤ ትንሽ ብትንሸራተትም ነጭ ስንጥቅ አይታይም። ልብሱ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ጥቁር ቀለም አታትሙ። ልብሱ ራሱ ሦስተኛው ቀለም ይሁን፤ በቀይና በቢጫ መካከል ጥቁር መስመር ክፍት ተዉ፤ መነካካት የለ፣ መሳትም አይታይ። በእንዲህ ያለ ጥቁር ልብስ ላይ ከቀለማቱ ሥር የሚገባውን ነጭ ቀለም ከላዩ ከሚመጣው በጥቂቱ አጥብቡት፤ ካልሆነ በዳር በዳር ነጭ ጠርዝ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ አቋማችንን እንጨምር። የዱንጉዛን መስመር ቲሸርት ላይ ማተም መልካም ነው፤ የታተመ ጨርቅን ግን የተሸመነ አስመስሎ መሸጥ የሸማኔውን እንጀራ መውሰድ ነው። የምታትሙት ሙሉ ጨርቅ ከሆነ የታተመ መሆኑን ለገዢው ንገሩት። በእጅ በተሸመነ ነጠላ ወይም ጋቢ ላይ ማተም የምትፈልጉም ክሩ ሸካራና የሚንሸራተት መሆኑን አስቡ፤ ደቃቅ ጽሑፍ አይይዝም፤ ከሥሩ አንሶላ ዘርግታችሁ ዙሪያውን አጥብቃችሁ ያዙት።

ፎቶ በቲሸርት ላይ ስታትሙ ነጥቡን ከስክሪኑ ጋር አመዛዝኑ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በአርባ ምንጭ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው በቀል እንዳይፈጸም የከለከሉበት ምስል አገር ሁሉ ያየው ነው። እንዲህ ያለውን ምስል ለማተም የሚፈልግ ቢመጣ የአባቶችን ፊት ጭቃ አስመስሎ ማውጣት ነውር ነው። ፎቶው ወደ ነጥብ ሲለወጥ በኢንች 45 ረድፍ ነጥብ ከሆነ ስክሪኑ የዚያ አራት እጥፍ ያህል ክር ያስፈልገዋል፤ ማለትም በኢንች 180 አካባቢ፣ በገበያ የሚገኘው 195 ወይም በሴንቲ ሜትር 77 የሚባለው። በእጃችሁ ያለው 61 ብቻ ከሆነ ነጥቡን ወደ 35 ረድፍ አውርዱት። የነጥቡን ማዕዘን 22.5 ዲግሪ አድርጉት፤ በ0 ወይም በ90 ከሆነ ከጨርቁ ክር ጋር እየተጋጨ የሞገድ መስመር ይፈጥራል። ያ ሞገድ በብዙዎች ዘንድ ብዥታ ተብሎ በስሕተት ይቆጠራል።

ፊልሞቹን ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ፕሪንተር፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት አውጡ። ሌዘር ፕሪንተር ፊልሙን በሙቀት ያሳልፈዋል፤ ፊልሙ በጥቂቱ ይሸበሸባል። ዛሬ አርባ ምንጭ ላይ የወጣ ቢጫና ነገ ሌላ ቤት የወጣ ቀይ መጠናቸው አንድ አይሆንም። ካልክ ወረቀት ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ጭጋግ በሞላበት ጠዋት ያድጋል፣ በደረቀ ከሰዓት ይቀንሳል። ለአንድ ቀለም ግድ የለም፤ ለሁለትና ለሦስት ቀለም ግን ጠንካራውን የፕላስቲክ ፊልም ግዙ። ስታቃጥሉ ከመጀመራችሁ በፊት ፊልሞቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ በመስኮት ብርሃን እዩአቸው። በላይና በታች ያሉት የመስቀል ምልክቶች ካልገጠሙ ማተሚያው አይገጥማቸውም። ምልክቶቹ ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ በላይኛው መሐል፣ አንዱ በታችኛው መሐል።

በገረሴ የአየር ጠባይ የአርባ ምንጭን የማድረቂያ ሰዓት አትጠቀሙ። ሥራውን በአርባ ምንጭ ተምራችሁ ወደ ደጋ የወጣችሁ ይህን በተለይ ልብ በሉ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። እዚያ የሚያስቸግረው በውሃ የተሠራ ቀለም ስክሪኑ ውስጥ እየደረቀ ቀዳዳውን መድፈኑ ነው። ከእያንዳንዱ ጉትቻ በኋላ ስክሪኑን በቀለም አልብሰው መተው፣ ቆም ሲሉም በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ይጠቅማል። ገረሴ ላይ ችግሩ የተገላበጠ ነው። ብርድና ጭጋግ ኢሙልሽን እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ክፉው ነገር ሳይደርቅ የደረቀ መምሰሉ ነው፤ ላዩን ስትነኩት አይጣበቅም፤ ውስጡ ግን ውሃ አለ። እንዲህ ያለ ስክሪን በብርሃን ሲቃጠል ከሥሩ አይጠነክርም፤ ሲታጠብ ጠርዙ ይበላል፤ ማተም ሲጀመር ይፈርሳል። የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። የመስቀል ትእዛዝ የሚደራረበውም ልክ በዚያ ወቅት፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ ነው።

ስለዚህ ስክሪን ቀብታችሁ በዚያው ሰዓት አታቃጥሉ። ሌሊቱን ሙሉ በጨለማ ክፍል፣ የሚታተምበት ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ተኝቶ ይደር። ቬንትሌተር ካለ ይንፈስበት። የተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ ማስገባት ጥሩ መላ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። ምድጃ አጠገብ ግን አታስጠጉት፤ ጢሱና ጥላሸቱ ይለጠፍበታል፤ ከምድጃው በኩል ያለው ጎን ከሌላው ይቀድማል። የተጠጋው ጎን ከጋለም ኢሙልሽኑ ሳይቃጠል ይበስላል፤ ከዚያ በኋላ ታጥቦ አይለቅም።

በፀሐይ የምታቃጥሉ፣ ደመና ባለበት ቀን በሰዓት ብቻ አትመሩ። ፀሐይ ከደመና ወጥታ በምትገባበት ሰማይ ሥር ትናንት የሠራ ደቂቃ ዛሬ አይሠራም። አንድ ትንሽ ስክሪን ቀብታችሁ በካርቶን እየሸፈናችሁ በስድስት እርከን ሞክሩ፤ ጽሑፉ ጥርት ብሎ የወጣበትን፣ ኢሙልሽኑም ያልተንሸራተተበትን እርከን ውሰዱ። በመብራት የምታቃጥሉም መብራቱ መሐል ላይ ከጠፋ ወይም ከደከመ የቀረውን በግምት አትሙሉ። ያን ስክሪን አጥባችሁ እንደ አዲስ ቅቡ፤ በኋላ ከሚበላሸው ልብስ ይረክሳል።

ፊልሙ ቀለም ያለበት ፊቱ ኢሙልሽኑን ይንካ፤ በላዩ መስታወት ይጫን፤ ከሥሩ ጥቁር ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ይሁን። በፊልሙና በኢሙልሽኑ መካከል አየር ከገባ ብርሃኑ ከፊደሉ ሥር ይሾልካል። ነጭ የስክሪን ጨርቅ ብርሃንን ወደ ጎን ይበትናል፤ ለደቃቅ ሥራ ቢጫው ይሻላል።

ልብሱን ከማተማችሁ በፊት አሙቁት። በቀለምና በቀለም መካከል በማድረቂያ የምታሞቁ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ጥጥ እርጥበት ይይዛል፤ በደጋ ደግሞ ይበልጥ ይይዛል። የመጀመሪያውን ቀለም አትማችሁ ስታሞቁት እርጥበቱ ይወጣል፣ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ሁለተኛው ቀለም ቦታውን ያጣል። ባዶውን ልብስ ጣውላው ላይ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ ካሞቃችሁት አስቀድሞ ይሰበሰባል። ጣውላዎቹም ሥራው ሲጀመር ቀዝቃዛ፣ መሐል ላይ ትኩስ ከሆኑ አገጣጠሙ ይለወጣል፤ ባዷቸውን እያዞራችሁ አሙቋቸውና ጀምሩ።

ቀለም ወፍሮ ቢያስቸግራችሁ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ አትጨምሩ። ቀለሙ ይቀጥናል፣ በክሩ ውስጥ ይሮጣል፣ ጠርዙ ሁሉ ብዥ ይላል። ከዚያ የሚብሰው ግን እሳቱ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ማድረቂያም፣ የቤንዚን ጨርቅም፣ የተከመረ ልብስም አለ። ለየቀለሙ የተሠራውን ማቅጠኛ ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ አድርጉ። ፕላስቲሶል የሚባለው ቀለም በብርድ ይጠነክራል፤ ስፓቱላ ይዞ በደንብ ማማሰል ብቻውን ብዙ ጊዜ ያላላዋል። የተደፈነ ስክሪን በመርፌና በጥፍር አትቆርቁሩ።

ፕላስቲሶል እስከ ውስጡ 160 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይበስልም። ጥርት ብሎ የታተመ ጽሑፍ በመጀመሪያው እጥበት ሲሰነጣጠቅ ደንበኛው የሚያየው ብልሽትን ብቻ ነው። አንዱን ናሙና ለጥጡት፣ እጠቡት።

ስክሪን በምንጭ ዳር አትጠቡ። ከጋሞ ደጋ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ የሚሄደው ወደ አባያና ወደ ጫሞ ነው፤ ኩልፎም ወርዶ ጫሞ ይገባል። በመንገዱ ከብት ይጠጣዋል፣ ማሳ ይጠጣዋል፣ ሰው ይቀዳዋል። ከስክሪን የሚታጠብ ኢሙልሽን፣ የቀለም ቅሪትና ማስለቀቂያ ወደዚያ መግባት የለበትም። ቀለሙን ከማጠባችሁ በፊት በካርቶን ቁራጭ ጠርጋችሁ ወደ ጣሳው መልሱ፤ የሚቀረውን በአሮጌ ጨርቅ አብሱ። የእጥበቱን ውሃ በበርሜል አጠራቅሙ፤ ዝቃጩ ይረጋል፤ ዝቃጩን አድርቃችሁ ለይታችሁ ለከተማው የቆሻሻ አገልግሎት ስጡ። በተለይ አሮጌው ዓይነት፣ በብርቱካንማ ዳይክሮሜት ዱቄት የሚዘጋጀው ኢሙልሽን ካለ ተጠንቀቁ። በውስጡ ያለው ክሮሚየም ካንሰር አምጪ ነው፤ ቆዳንና ሳንባን ይጎዳል። ያለ ጓንት አትንኩት፤ ልጆች አያቀላቅሉት፤ ከተቻለ ወደ ዲያዞ ወይም ተዘጋጅቶ ወደሚሸጠው ተሻገሩ። ርካሽነቱ ጤናችሁን አይተካም።

ለኮሚቴዎችና ለአሳታሚዎች። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ዓርማ ታምቆ ነው የሚደርሰው፤ ስክሪን ላይ ሳይደርስ ብዥ ብሏል። እንደ ፋይል ላኩ፤ ከተቻለ የመጀመሪያውን የዲዛይን ፋይል ስጡ። ሥራውን ለበዓሉ ሳምንት አታድርሱት፤ ኢሙልሽን እስኪደርቅ የሚጠብቅ አታሚ ሰነፍ አይደለም። ከዋናው ኅትመት በፊት በራሳችሁ ልብስ ላይ አንድ ናሙና አሳትሙ። ፊደሉን አንድ በአንድ አንብቡ፤ ከአምስት እርምጃ ርቀትም እዩት፤ ከጸደቀ ፈርሙበትና አንዱን እናንተ፣ አንዱን አታሚው ይያዝ። ለብልሽት የሚሆን ትርፍ ልብስ ስንት እንደሆነና ከዚያ በላይ የተበላሸውን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተስማሙ። አታሚውም ቁጥሩን ደብቆ የሳተውን ከደኅናው መሐል አያጥፍ። አዋጥተው ያሠሩት ልጆች ጎረቤቶቹ ናቸው።

በየማተሚያው ክንድ አጠገብ አንድ ደብተር ይሰቀል። ለእያንዳንዱ ሥራ የስክሪኑ ክር ቁጥር፣ የክፍተቱ ሚሊ ሜትር፣ የላስቲኩ ጥንካሬ፣ ኢሙልሽኑ ያደረበት ሰዓት፣ የተቃጠለበት ደቂቃና የሰማዩ ሁኔታ ይጻፍ። ሲበላሽ የተለወጠው ነገር ምን እንደሆነ፣ ሲስተካከልም ምኑ እንዳስተካከለው ከሥሩ ይጨመር፤ ከናሙናው ጨርቅም ቁራጭ ተቆርጦ በገጹ ላይ ይለጠፍ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚሰጠው ይህ ደብተር ይሁን።